ከገመዱ ውስጥ የነቀልነው

እኔ ካረምኩት ማሳ ላይ ሰሊጥ ያልሆነ አንድ ቅጠል አይገኝም። ለጉራ ብዬ አይደለም፤ ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚሁ ስለሆነ ነው። እሺ፣ ትንሽም ለጉራ ነው። በመተማ ቆላ፣ በሑመራ፣ ከተሰደድን ወዲህ ደግሞ እዚሁ ሱዳን ገዳሪፍ ዙሪያ ባሉ እርሻዎች ክረምት በመጣ ቁጥር ጎንበስ ብዬ ነው የኖርኩት። ኋላ ላይ ካቦ ሆንኩ። ካቦ የሠራተኛ አለቃ ነው፤ ሰው ይሰበስባል፣ ያሰማራል፣ ሥራው ሲያልቅ ለባለ እርሻው «አልቋል» ብሎ ያስረክባል። ሴት ካቦ አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ ይኸው እኔ ነበርኩ። ወንዶቹ ካቦዎች ሲስቁብኝ እነሱ ያስረከቡትን ማሳ ዞሬ አይና የረሱትን አረም ነቅዬ ፊታቸው እጥልላቸው ነበር።

ሥራችን የራሱ ወግ አለው። ጠዋት የባለ እርሻው ሰው ችካል ተክሎ ገመድ ይወጥራል፤ ከገመዱ ውስጥ ያለው የቀን ድርሻችሁ ነው ማለት ነው። ማንም አያስረዳም፣ ማንም አይጠይቅም። ገመድ ካየሽ ትገቢያለሽ፣ ታርሚያለሽ፣ ትወጫለሽ። የተነቀለው አረም ደግሞ እዚያው አይጣልም። የክረምት አፈር የነካውን ሁሉ መልሶ ያበቅላል፤ ስለዚህ አፈሩን አራግፎ፣ ሥሩን ሽቅብ ገልብጦ፣ ድንጋይ ላይ ለፀሐይ ማስጣት ነው። እያንዳንዷም ክምሯን ለብቻዋ ታደርጋለች፤ እኔ ማን እንደሠራች፣ ማን ወሬ ስትሰልቅ እንደዋለች በክምሯ አውቃለሁ። ይህንን ወግ ያዙልኝ። ያጠፋንም ያዳነንም እሱ ነው።

ካምፓችን ዋልካ ላይ ነው የሰፈረው። ዙሪያውን ዐይን እስኪደክም ሰሊጥና ማሽላ ነው፤ ትራክተር ያልገለበጠው መሬት የለም። ሱዳኖቹ ክረምቱን ኸሪፍ ይሉታል። ኸሪፍ ሲገባ ዋልካው የራሽን መኪና ይውጣል፤ በመፋዛ በኩል የሚመጣው መንገድ ይዘጋና ዱቄቱና ምስሩ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴ ወር ይቀራል። በዚህ ሁሉ ጭቃ መሀል አንድ ድንጋያማ ጀበል፣ ተራራ ማለት ነው፣ ብቻውን ተገትሯል። መንግሥት ስለከለለው በር አለው፣ ሰሌዳ አለው፣ ዱላ የያዘ ገፊርም አለው። ገፊር ዘበኛ ነው።

ጀበሉ ላይ ያለውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ከግርጌው ወይባና ግራር፣ ከፍ ሲል ቁርቁራና ሁመር፣ ወገቡ ላይ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጥ የዕጣን ዛፍ አለቱን በጥፍሩ ይዞ። ተበልዲ የሚሉት ሆዱ የተዘረጠጠ ዛፍ ደግሞ ሁለት ቋጥኞች መሀል ገብቶ ይኸው ቋጥኞቹን ገፍቶ አስፍቷቸዋል። ይህ ትልቅ ትልቁ ነው። ትንንሹ ጉድ ያለው ከድንጋይ ሥር ነው። ዝናብ አንዴ ከጣለ ከየስንጥቁ አሉማ፣ ለወጥ የሚለቀሙት ኩድራና ሪጅላ፣ ልብስ የሚይዘው፣ እጅ የሚለበልበው፣ የሚሸተው፣ የሚገማው፣ ስም ያለውም ስም የሌለውም ይፈላል። እኔ ይህንን ሁሉ የማውቀው ሜዳ ላይ ስነቅለው ስለኖርኩ ነው። ሜዳው ላይ ግን ዛሬ ግማሹ የለም፤ ማረሻና የአረም መድኃኒት ጨርሶታል። እዚህ የተረፈው ማንም አዝኖለት እንዳይመስላችሁ፤ ድንጋዩ ለትራክተር እምቢ ስላለ ብቻ ነው። ያንን ካወቅሁ ጀምሮ ድንጋይ እወዳለሁ።

«ስደተኛ ጀበሉን ጨረሰው» ይላሉ። ሞኛችሁን ፈልጉ! የጀበሉን ግንድ ከሰል አድርጎ በጭነት መኪና የወሰደው ማን እንደሆነ ገፊሩም ያውቃል፣ መንገዱም ያውቃል። እኛ የምንገባው በሳምንት አንድ ቀን፣ ቢላ ሳንይዝ፣ በባዶ እጃችን፣ ቅጠል ለመልቀም ነው። ለዚያውም በተስሪሕ፣ ማኅተም ባረፈበት የፈቃድ ወረቀት። ያቺን ወረቀት ለማግኘት እኔና ጎረቤቴ ስንት ጊዜ ቢሮው ደጅ ላይ ጠናን! ጎረቤቴ የትግራይ ሴት ናቸው፤ በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ አደይ ነው የሚላቸው። መንገድ ሲዘጋ የሰፈራችን ድስት የሚጣደው በዚያች ወረቀት ነበር። የወጣችውም በእኔ ስም ነው።

ስለ ባሌ አንድ ነገር ልበልና ልለፈው፤ ኋላ ያስፈልገኛል። ከሑመራ ስንወጣ እሱ በሌላ አቅጣጫ ወጣ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልደረሰም። ካምፕ ስንመዘገብ ጸሐፊው «መጥቷል ልበል ወይስ ሞቷል?» አለኝ። ቅጹ ላይ ያለው ሁለት ሣጥን ብቻ ነው። ሁለቱም አይደለም አልኩት። ከኋላዬ ሰልፉ እየጮኸ፣ እሱ እየተቆጣ፣ ከሣጥኖቹ ውጭ ጠርዙ ላይ «ጠፍቷል» ብሎ እስኪጽፍልኝ ከወንበሩ አልተነሣሁም። ዛሬም ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው።

ጉዱ የመጣው አንድ ኸሪፍ ሊያበቃ ሲል ነው። የጀበሉ ሙዲር፣ ኃላፊው ማለት ነው፣ ለአንድ ቀን ሣር የሚያጸዱ ዐሥር ሴቶች ይፈለጋሉ ብሎ ላከ። እሰይ አልን! ዐሥር የተመረጡ አራሚዎች ይዤ ከተፍ አልኩ። አደይም «ምን ቆርጦኝ ነው የምቀረው» ብለው መቀነታቸውን አጠበቁ። የሙዲሩ ሾፌር ከመኪናው እንኳን ሳይወርድ በመስኮት ዱላ አውጥቶ ወደ ላይ ጠቆመና «እዚያ ነው» ብሎን ሄደ። ወጣን። በቋጥኞቹ መሀል ችካል ተተክሎ፣ ገመድ ተወጥሮ፣ ስድስት ድርሻ ተለክቶ ጠበቀን።

ገመድ አየን። በቃ።

«ጓለይ፣ ሰብሉ የትኛው ነው?» አሉኝ አደይ። ጓለይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው።

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ሰሊጥ የለም። ማሽላ የለም። «ሰብል የለውም አደይ» አልኩ አፌን ሞልቼ። «ሁሉም አረም ነው። ንቀሉ!»

እንዴት እንደሠራን! እየዘፈንን፣ እየተፎካከርን፣ ጣታችን በማይገባበት ስንጥቅ ምስማር እየሰደድን ሥሩን መዘዝነው። እኔ ከድንጋይ ሥር የተደበቀች ባገኘሁ ቁጥር «ይህችን ለአማችሽ ነው የተውሻት?» እያልኩ አንዷን ሳሳቅቃት ዋልኩ። ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ ስድስቱም ድርሻ እንደ አውድማ ጸዳ። ክምራችንን በየድንጋያችን ሥሩን ሽቅብ አስጥተን፣ ወገባችንን ይዘን ቆመን አየነው። እውነቴን ነው፣ ሥራው ያምር ነበር።

ከዚያ ኡስታዛዋ መጣች። ከገዳሪፍ እየተመላለሰች የጀበሉን ዕፅዋት የምትቆጥር የሱዳን ልጅ ናት፤ አስተማሪ ስለሆነች ሁላችንም ኡስታዛ እንላታለን። ከሩቅ ሳያት እጄን አወዛወዝኩላት። የምታመሰግነን መስሎኝ ነው፣ እዩልኝ! ገመዱ ጋ ስትደርስ ደብተሯ ከእጇ ወደቀ። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች።

ነገሩ ቀስ እያለ ነው የገባን። ገመዱ የተወጠረው ውስጡ እንዳይነካ ነው። እኛ እንድናጸዳ የተፈለገው ከገመዱ ውጭ ዙሪያውን ያለውን ሣር ነበር፤ በበጋ እሳት ሲነሣ ወደ ውስጥ እንዳይሻገር። ውስጡን ኡስታዛዋ አራት ኸሪፍ ሙሉ ከብት ሳታስነካ፣ ምን በቀለ ምን ጠፋ እያለች ስትቆጥር፣ ስትጽፍ፣ ስትጠብቅ የኖረችው ነው። እኛ በግማሽ ቀን አረምንላት። ካቦዋ እኔ ነኝ፣ «ንቀሉ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ በማን ላይ ልጩህ?

ሙዲሩ ግን ልቅሶ አያውቅም። ወፍራም፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ከወንበሩ የማይነሣ ሰው ነው። ቢሮ አስጠራኝና «ኸላስ» አለ፤ አበቃ። ተስሪሓችንን ከእጄ ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተና ቆለፈበት። «ከዛሬ በኋላ አንዲት ሐበሻ ከበሩ ወዲህ እንዳላይ» አለ።

በዐረብኛ አንቱታ የለም። ሙዲሩም «እንታ» ነው፣ ገፊሩም «እንታ» ነው፤ ይህችን አገር ከወደድኩባቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። «አንተ» አልኩት፣ «ሰውህ ከመኪናው ወርዶ አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። የነቀልነው እኛ ነን፣ አልካድኩም። የምንመልሰውም እኛ ነን።»

ሳቀብኝ። «ምን እንደነበረ በምን ታውቂና?»

«ነቅዬው!» አልኩት። «የነቀልኩትን የማላውቅ ምን ዓይነት አራሚ ነኝ? ኡስታዛዋን ጥራት፣ ደብተሯን ይዛ ትምጣ።»

ውጪ አለኝ። ወጣሁና ደጁ ላይ ቁጭ አልኩ። ሁለት ቀን እዚያው ዋልኩ። ገፊሩ አንዴ በዱላው ያስፈራራኛል፣ አንዴ የራሱን ሻይ ያመጣልኛል። ሙዲሩ ሲገባም ሲወጣም «ሰላም አለይኩም» እለዋለሁ፤ ሰላምታ ደግሞ አለመመለስ ነውር ነው፣ እየተናደደ ይመልስልኛል። በሁለተኛው ቀን ኡስታዛዋ ራሷ መጣች። ዐይኗ አብጧል። እጄን ይዛ አስነሣችኝና ሙዲሩን «ለአንድ ቀን አስገባቸው፣ በእኔ ኃላፊነት» አለችው።

ክምሮቹ እንዳስቀመጥናቸው ነበሩ። እያንዳንዷ ወደ ድንጋይዋ ሄደች። የደረቀውን አንድ በአንድ እያነሣች «ይህንን ከዚያ ቋጥኝ ሥር፣ በፀሐይ መውጫ በኩል ነው ያወጣሁት፤ ሥሩ እምቢ ብሎኝ በምስማር ነው» ትላለች። «ይህ ሦስት ነበር፣ ጎን ለጎን፤ አንዱን ጉንዳን በልቶት ነበር» ትላለች ሌላዋ። ኡስታዛዋ ደብተሯን እየገለጠች መጀመሪያ ዝግ ብላ፣ ኋላ ዐይኗ እየፈጠጠ «አዎ... አዎ... እሱም አለ» ትላለች። ቀኑን ሙሉ ስንደረድር ዋልን። ደብተሯ ላይ የተጻፈው አንድ ሳይቀር ወጣ። እንዲያውም ተርፎ፣ ደብተሯ የማያውቃቸው ሦስት ዓይነት ተገኙ፤ ከድንጋይ ሆድ ሥር የሚደበቁ ኢምንቶች ናቸው።

«አራት ዓመት ሙሉ አላየኋቸውም» አለች።

«ቆመሽ ስለምትቆጥሪ ነዋ!» አልኳት። «ጎንበስ በይ።»

ካለቀሰች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

አንዷ ዓይነት ግን ፊቷን መልሳ አጠቆረችው። ከእኔው ክምር ነው የወጣችው፤ አራት ናቸው፣ አራቱንም ከአንድ ስንጥቅ ነው የመዘዝኳቸው። ቁመቷ ጣት አያህልም፣ ያላት ሁለት ቅጠል ነው፣ ሥሯ እንደ ነጭ ሽንኩርት ፍሬ ነው። ኡስታዛዋ ጀበሉን ሁሉ ዞራ ከዚያ ስንጥቅ ሌላ የትም አላየቻትም። በአማርኛ ስም የላትም። አደይን ጠየቅኋቸው፣ በትግርኛም አያውቋትም። ገፊሩም በዐረብኛ አያውቃትም። ኡስታዛዋ አንድ ረጅም የፈረንጅ ስም ነገረችኝ፣ ግን አልያዘልኝም። አትበላም፣ አትታጠንም፣ ለቁስል አትሆንም።

«ታዲያ ሥራዋ ምንድን ነው?» አልኳት።

«መብቀል» አለችኝ።

ዘር የቋጠረውን ሁሉ ከየነቀልንበት ስንጥቅ ላይ አራገፍነው። ሥሩ ያልሞተውን መልሰን ተከልን። አራቱን ሽንኩርት መሳዮች በገዛ ጣቴ ቦታቸው መለስኳቸው፤ ግን እኔ በደንብ ያሰጣሁት ነገር እንደማይነሣ አውቃለሁ፣ ተሰነጣጥቀው ነበር። አፍሬ «እነዚህን እንኳን ጠፉ ብለሽ አትጻፊብኝ» አልኳት። ኡስታዛዋ ቀና ብላ አየችኝ። «የጠፋ፣ ጠፋ ተብሎ ካልተጻፈ ማን ይፈልገዋል?» አለች። በነጠላዬ ፊቴን ጠረግሁ። ለምን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፣ እሷ አታውቅም ነበር።

ሙዲሩ ፍርዱን ሰጠ። በሚመጣው ኸሪፍ ሁሉም ተመልሶ ከበቀለ ተስሪሑ ይመለሳል። ካልበቀለ የለም።

በዚያው ዓመት በእነሱም አገር ጦርነት ተነሣ። እኛ ከጦርነት ሸሽተን ብንመጣ እሱም ዱካችንን ይዞ ተከተለን። መንገዱ እየተዘጋ ኡስታዛዋ መመላለስ አቃታት፤ በመጨረሻ ስትመጣ ደብተሯን ለእኔ ሰጠችኝ። ዐረብኛ ማንበብ እንደማልችል ስለምታውቅ ከየስሙ ጎን ቅጠሉን ለጥፋልኛለች። «ካቦዋ አንቺ ነሽ» አለችኝ። ስለዚህ ኸሪፉ ሲገባ ሳምንት በሳምንት ገፊሩ እያጀበኝ ብቻዬን ወጥቼ የምቆጥረው እኔ ሆንኩ።

ያ ኸሪፍ ክፉ ነበር። የራሽኑ መኪና ዋልካ ውስጥ ሰጥሞ ስንት ቀን ቀረ። እኔ ጀበሉ ላይ ኩድራው ጉልበቴን እየነካው፣ ሪጅላው ከእግሬ ሥር እየተሰበረ፣ አንድ ቅጠል ሳልቆርጥ እወርዳለሁ። ገፊሩ መቀነቴን ሳይቀር ይፈትሻል። በሩ ላይ የሰፈራችን ሴቶች ባዶ ጆንያ ይዘው ይጠብቁኛል፤ እጄን አይተው ፊታቸውን ያዞራሉ። አንዷማ «ካቦዋ መጣች፣ ሌላ የምታስነቅለን ካለ እንጠይቃት» አለችኝ። አደይ ብቻ ናቸው «ተዪያት፣ እኔም አብሬ ነቅያለሁ» ያሏት።

እሱስ በቀለ። እግዜር ይስጠው፣ ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ ከየስንጥቁ ብቅ ብቅ አለ፤ የሚለበልበውም፣ የሚገማውም፣ ኡስታዛዋ ያላየቻቸው ሦስቱም። ነቅለነው፣ አስጥተነው፣ ረግጠነው መጣ። እየሳቅሁ ስድብ ጭምር አወርድበት ነበር፣ «አንተ የማትሞት!» እያልኩ። ከደብተሩ ላይ አንድ በአንድ ምልክት አደረግሁ። አንድ ቅጠል ብቻ ምልክት ሳይደረግባት ቀረች። ያቺ ስም የለሿ። በእያንዳንዱ ሳምንት ስንጥቋ ላይ ተደፍቼ ትንፋሼን ይዤ አያለሁ፤ ስንጥቁ ባዶ ነው።

ዐዲስ ዓመት ሊገባ ሲል ሙዲሩ አስጠራኝ። ከላይ ሰዎች ሊመጡበት ስለሆነ ወረቀት አስተይቦ ጠበቀኝ። መሳቢያውን ከፈተና ተስሪሓችንን አውጥቶ ከወረቀቱ አጠገብ አደረገው።

«ሁሉም ተመልሷል ይላል። ቆጣሪዋ አንቺ ነሽ፣ ፈርሚና ይህንን ውሰጂ።»

«አንዷ አልተመለሰችም» አልኩት።

«የትኛዋ?»

ስም ስለሌላት በጣቴ ለክቼ አሳየሁት። ጣቴን አየ፣ እኔን አየ። «ለዚህች ብለሽ ነው ሴቶችሽን የምታስርቢው? ማን ያያታል? ፈርሚ።»

በመስኮቱ ሴቶቹ ይታዩኛል፤ አደይም መሀላቸው ቆመዋል። አልዋሻችሁም፣ ብዕሩን አነሣሁ። ጫፉ ወረቀቱን ነክቶ ነበር። ያኔ ያ የካምፑ ጸሐፊ ከነሁለት ሣጥኑ ዐይኔ ላይ መጣብኝ። ባሌን መጥቷል ብዬ ብፈርም ኖሮ ዛሬ ማን ይፈልገው ነበር? ካቦ ሆኜ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ደግሞ ያላለቀ ማሳ አልቋል ብዬ አስረክቤ አላውቅም። ብዕሩን መለስኩለት።

«ጠፍታለች ብለህ ጻፍ፣ እፈርማለሁ። ተመልሳለች ለሚል ወረቀት አልፈርምም።»

«እንግዲያው ተስሪሕ የለም!»

«ታዲያ ማን ሊፈልጋት ነው?» ድምፄ እስከ በሩ ተሰማ። «አንተ ነህ በዚህ ጉልበትህ ቋጥኝ ለቋጥኝ የምትዘለው? ወይስ ከመኪናው የማይወርደው ሾፌርህ? የነቀልኳት እኔ ነኝ። መልኳን የማውቀው እኔ ነኝ። ጠፍታለች ብለህ ጻፍና ወረቀታችንን ስጠን፤ ቅጠላችንን እየለቀምን እንፈልጋታለን።»

ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። እኔም መታሁ። ገፊሩ በሩን ገርበብ አድርጎ አንገቱን አስገባና «አንተ ሙዲር» አለ፣ «ይህችን ሴት ስጣትና ትሂድ። ባለፈው ሁለት ቀን ደጁ ላይ ውላ ሻዬን ጨርሳብኛለች።»

ሙዲሩ እየተሳደበ ጻፈ። «አንድ ዓይነት ጠፍቷል» ይላል፤ ገፊሩ አነበበልኝ፣ ፈረምኩ። በተስሪሓችንም ግርጌ ከፋው መሰለኝ በገዛ እጁ አንድ መስመር ጨመረበት፦ የጠፋችው እስክትገኝ ድረስ። ከተገኘች ወረቀቱ አይሠራም ማለት ነው። እሺ አልኩ። ያን ዕለት ሴቶቹ ጆንያቸውን ሞልተው ወረዱ፤ ያቺ «ካቦዋ መጣች» ያለችኝም ጉንጬን ስማ አለፈች።

ይኸው በዘንድሮው ኸሪፍ አገኘኋት። ከጀበሉ ጀርባ፣ ሽኮኮዎች ፀሐይ ከሚሞቁበት ገደል ሥር፣ ከአደይ ጋር ኩድራ ስንለቅም። ሁለት ቅጠል፤ ከመሀላቸው ምስማር ራስ የምታህል ሐምራዊ አበባ። ብቻዋን ናት። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እንባዬን ማቆም አልቻልኩም፤ ስም ለሌላት ለማትበላ ቅጠል እንደ ዘመድ አለቀስኩ።

አደይ መጥተው አዩ፣ አወቋት። ከዚያ ዞር ዞር ብለው ማንም እንደሌለ ካዩ በኋላ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንሥተው ፊት ለፊቷ አቆሙባት። «አላየናትም ጓለይ» አሉ ቀስ ብለው። «ወረቀቱ የሚለው እስክትገኝ ነው። ገና ብዙ ክረምት አለብን።»

እውነታቸውን ነው። መንገዱ አሁንም ይዘጋል፣ ራሽኑ አሁንም ይቀራል። ድንጋዩ ደግሞ ልክክ ብሎ ሸፍኗታል። ግን ንዴት ከእግሬ እስከ አናቴ ወጣ፤ በእሳቸው አይደለም፣ የጠፋ መገኘቱን ቅጣት ባደረገብን በዚያ መስመር ነው።

«አደይ» አልኳቸው፣ «የሆነ ቦታ ባሌን ያየ ሰው ቢኖርና ለሆዱ ሲል አላየሁትም ቢለኝስ?»

አደይ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን አነሡት።

በማግስቱ ጠዋት ሙዲሩ ቢሮ ገባሁ። «አግኝቻታለሁ» አልኩት።

«የታለች? አምጫት።»

«አልነቅላትም። ማየት ከፈለግህ ተነሥና እንውጣ።»

ይነሣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ተነሣ። ገፊሩ በአንድ በኩል፣ ዱላው በሌላ በኩል እየደገፉት፣ በየቋጥኙ ላብ እየጠረገ፣ እየተራገመ ወጣ። ይህንን ሁሉ ዓመት የሚያስጠብቀውን ጀበል ወገቡን ሲያልፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ስናሳየው ለመጎንበስ ብዙ ታገለ፤ ጎንበስ አለ። ረጅም ጊዜ አያት። አልሳቀም።

ቀና ሲል እጁን ዘረጋልኝ። «ተገኘች። ተስሪሑን አምጪ።»

አደይ ከኋላዬ ሲተነፍሱ ይሰማኛል። ወረቀቷን ከመቀነቴ አወጣሁ፣ ግን አልሰጠሁትም። ለገፊሩ አቀበልኩትና ግርጌዋን አስነበብኩት። «የጠፋችው እስክትገኝ ድረስ» አለ ገፊሩ።

«በኡስታዛዋ ደብተር ላይ የተጻፈ ነው፣ አንተም ታውቃለህ» አልኩት ሙዲሩን። «ከገመዱ ውስጥ የነቀልነው አራት ነው። ያገኘሁት አንድ ነው። ሦስት ይቀራል።»

ሙዲሩ ገፊሩን አየ። ገፊሩ ሰማይ ሰማይ አየ።

«ሦስቱን ስናገኝ ራሴ መጥቼ እነግርሃለሁ» አልኩት። «ያላለቀ ሥራ አልቋል ብዬ አላውቅም።»

ወረቀቷን ከገፊሩ እጅ ወስጄ አጠፍኩና መቀነቴ ውስጥ መለስኳት። ከዚያ ከእሱ ቀድሜ ወረድኩ፤ ገና ያልለቀምነው ኩድራ ነበረን።